የድንበሩ ክምር

ሽማግሌው ፈረንጅ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በወጣትነቱ የብረት ችካል ቀብሮ፣ መለኪያ መነጽሩ ላይ አቀርቅሮ በከዋክብት ለክቶ ቦረና ሜዳ ላይ ያቆመው የድንበር ምልክት፣ ያኔ ከጉልበቱ የማያልፍ የድንጋይ ክምር፣ ዛሬ ከቁመቱ በላይ ሆኗል። በሥራ ዘመኑ ካቆማቸው ምልክቶች አብዛኞቹን ሰው አፍርሷቸዋል።

«ይህን ማን ጠበቀው?» ሲል በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀ።

«እኛ ነና!» አለች ታላሶ የምትባል አሮጊት፣ ባዶ የውሃ ቅሏን ከትከሻዋ አውርዳ። «ወታደሮቹ ከዚህ ክምር ማዶ አትሻገሩም አሉን። የውሃ ጉድጓዳችን እዚያ ማዶ ቀረ፤ ከብቶቻችንም በጥም አለቁ። ልጆቼ ክምሩን እንበትነው ብለው ሲነሱ ግን እኔ ከለከልኳቸው።»

«ለምን?»

«ያን ቀን አይቼሃለሁ። መሬቱን ቆፍረህ የሆነ ነገር ቀበርክ። ድንጋይ ከመርክበት። ከዚያ ቆብህን አውልቀህ አቀረቀርክ፤ ሌሊቱንም ሰማይ ሰማይ እያየህ ሳትተኛ አደርክ። ታዲያ የሰው መቃብር ይፈርሳል? እንዲያውም በዚህ ያለፈ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ያኖርለታል።»

ሽማግሌው ዞሮ ክምሩን ከሥሩ እስከ አናቱ አየው።

ታላሶ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«አይዞህ» አለችው። «ልጅህ ነበር?»