ሁለተኛው መስመር

አማካሪዋ መምህርት በሰጧት ቅጽ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። «ፈተናውን ካለፍኩ» በሚለው ላይ ተማሪዋ ትሁት «ሕክምና እማራለሁ» ብላ በደማቁ ጻፈች። «ካላለፍኩ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። ከጻፈችው የሚደርስባት መሰላት። ደግሞም አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ ለመንደራቸው ለማንኪራ ሰው ሁሉ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ብለው ያወሩት አባቷ።

«ወላጅ የሚፈርመው ሁለቱም ሲሞላ ነው» አሉ መምህርቷ ዝግ ባለ ድምፅ። «አምና ባዶውን ትተውት የሄዱት ልጆች፣ ውጤት ከወጣ በኋላ አንዳቸውም ተመልሰው አልመጡልኝም።»

ትሁት ቀና ብላ አባቷን ማየት ፈራች።

«ዘንድሮ ስንት ቀፎ ሰቀልን?» አሏት አባቷ ድንገት።

«አሥራ ስድስት።»

«ንብ የገባበትስ?»

«ሰባት።»

«ጻፊ እንግዲህ» አሉና፣ ቀፎ ለመስቀል ያን ሁሉ ዛፍ በሚወጡበት ሻካራ መዳፋቸው ወረቀቱን ያዙላት።

መጻፍ ስትጀምር ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። የራሷ እጅ መስሏት እስክሪብቶውን አነሳች። ወረቀቱ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም።