ሳይጸለይበት አይላክም

«ሳይጸለይበት አይላክም» አለ ማናሴ፣ የሚስቱ ጣት ስልኩ ላይ ሊያርፍ ሲል።

ዕፀገነት ሰዓቱን አየች። ልብ ወለዷን የምትልክለት አሳታሚ ጽሑፍ መቀበሉን ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያቆማል፤ የቀራት ጥቂት ደቂቃ ነው። አምና እንዲሁ ስታመነታ አምልጧታል። እዚሁ ጆሃንስበርግ ያለ ትንሽ አሳታሚ ነው፤ የሚያሳትመው በዚህ ዓለም የሌለ ነገር የሚተረክበትን ልብ ወለድ ብቻ ነው። በየቋንቋችሁ ጻፉ፣ ተርጓሚውን እኛ እናመጣለን ብለዋል። እሷም በአማርኛ ጻፈችው። በታሪኩ፣ በተዘጋ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ሥር ከተማ አለ፤ ፅናት የምትባል ልጅ ለሰዎቹ ዳቦ ይዛ ትወርዳለች።

«ማኔ፣ ይዘጋብኛል።»

«አጭር ነው የምጸልየው።»

አጭር አለ ደግሞ። የማናሴን ጸሎት ሰፈራቸው አይቮሪ ፓርክ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስፓዛ የሚሏትን ትንሿን የሰፈር ሱቃቸውን ሲከፍት ይጸልያል፤ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ሲወርድ ይጸልያል፤ ፍሪጁ ድምፁን ከቀየረ ፍሪጁም ላይ እጁን ይጭናል። አንዴ ከጀመረ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ያሉትን አክስቶቹን በየስማቸው ሳይጠራ አሜን አይልም።

ስለ ጽሑፏ ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ስትጀምረው «ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት አይሆንም ወይ?» ብሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳውም። ባሏን ትወደዋለች፤ በዚህ ግን ቅር ብሏታል።

ማናሴ ትከሻዋን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ እያለ የሚጠራት አሮጊት ዳቦ ልትገዛ መጥታ ከሱቁ መስኮት ፍርግርግ ማዶ ቆማለች። ነገሩን ለምዳዋለችና እሷም አንገቷን ደፋች።

ዕቃ ስለሚያመጣበት መንገድ ጸለየ። ስለ መኖሪያ ወረቀታቸው ጸለየ። አክስቶቹ ጋ ሲደርስ ዕፀገነት አንድ ዓይኗን ከፍታ አውራ ጣቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ጌታ ይቅር ይላታል፤ ባሏም አያያትም።

«ደግሞ ጌታ ሆይ፣ ፅናትን አስባት» አለ ማናሴ።

ጣቷ ባለበት ቀረ።

«ዳቦውን ለሰው አከፋፍላ ለራሷ ያላስቀረች ልጅ ናት። የጉድጓዱ ሊፍት ተበላሽቶ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀርታለች። የሚፈልጋት ሰው የላትም። እባክህ አውጣት።»

አንብቦታል ለካ። እሷ የምትጽፍበትን የሱቁን ስልክ ይዞ ጥግ ላይ ሲቀመጥ የዕቃ ዋጋ የሚያይ ይመስላት ነበር፤ ሰውዬው እስከ መጨረሻው አንብቦታል። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ግን ለፅናት እየተጸለየ እንዴት ታቋርጠው። የሚዘጋም ከሆነ ይዘጋ ብላ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

«አሜን» አለ ማናሴ።

«አሜን» አለች ጎጎ።

ዕፀገነት ያን ጊዜ «ላክ» የሚለውን ተጫነችው። ትንሽ ቆይቶ «ደርሶናል» የሚል መልስ ብቅ አለ።

ማናሴ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ግን ትወጣለች?» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔም አላውቅም። ታሪኩ እዚያ ላይ ነው ያለቀው።»

«እንግዲያው ጸሎቱን አላቆምም» አለና የጎጎን ዳቦ በፍርግርጉ አሾለከላት።