ከእኔ ሳህን

አሁን እኮ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ጨው የሚቆጥር አምባር ይታሰርለታል። የአባዬ ቢጫ ሆኗል። ትንሽ ጨው ከቀመሰ አምባሩ ይቀላል፤ ከቀላ ደግሞ የጨው ተቆጣጣሪዎች መጥተው አባዬን ይወስዱታል። ጎረቤታችን ጋሽ ምትኩ ለፋሲካ ተወስደው ይኸው እስካሁን ድምፃቸው የለም። ለዚህ ነው እማዬ የአባዬን ሽሮ ያለ ጨው ለብቻ የምትሠራው።

እኔ ደግሞ ዛሬ ፈተና ማለፌን ሰምቼ በደስታ ሁሉንም ረሳሁት። ከሳህኔ ጠቅልዬ፣ "አባዬ፣ በሞቴ" አልኩት።

"አንቺ፣ ከየትኛው ሳህን ነው?" አለች እማዬ። እሱ ግን ጎርሶ ነበር።

አምባሩ ቀላ። ብዙም ሳይቆይ ታች መኪና ሲቆም ሰማን።

"ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ አባዬ። "ሰው አንዴ ብቻ ይጎርሳል እንዴ? ድገሚኝ እንጂ።"

ደረጃው ላይ ኮቴ እየተሰማ፣ ከዚያው ከእኔ ሳህን ጠቀለልኩለት።