የምርጫው ቀን አምባር

ጃይናባ ድምፅ የምትሰጥበትን ብይ ጨብጣ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ አምባሮቿ ተንቃጨሉ። ያኔ ነው የገባት። ባሏ ኬባ ጠዋት እጇን በሳሙና አለስልሶ ያጠለቀላት ሊያስጌጣት አልነበረም። ብይ ከሚጣልባቸው የፓርቲ በርሜሎች የእሱ እመጋረጃው ስር ነበር፣ እሷ የምትፈልገው ራቅ ብሎ ጥጉ ላይ። ብዩ ሲወድቅ የሚጮኸው የበርሜሎቹ ደወል አንድ ዓይነት ነው፤ አምባሩ ግን እርምጃዋን ያሳብቅባታል። ውጭ ኬባ ጉሮሮውን ጠረገ። ብዩን ቅርቡ በርሜል ውስጥ ጣለችው። ደወሉ ጮኸ።

«ጎሽ፣ የቤቴ እመቤት!» አላት ስትወጣ። «በይ አውልቂና ለሳቱ ስጫት፤ ተራዋ ነው።»

ጣውንቷ ሳቱ አንገቷን እንደደፋች እጇን ዘረጋች። ኬባ አምባሮቹን ሲጎትት ጃይናባ እንዳይወጡ አውራ ጣቷን ገተር አደረገችው።

«ጠዋት ሰተት ብሎ አልነበር እንዴ የገባው?»

«ፀሐዩ አሳብጦኝ ይሆናላ።»

«ቀጣይ!» አለ አስመራጩ።

ሳቱ ያለ አምባር ገባች። ከውስጥ የተሰማው ደወሉ ብቻ ነበር።