የቴስተሩ መርፌ

ተማሪዎች የሚያመላልስባት መኪና መንገድ ላይ እየተንገጫገጨች ካስቸገረችው ወር አለፈ። ወላጆች ማጉረምረም ጀምረዋል። ሦስት መካኒኮች አይተው «ምንም የላትም» ሲሉት ደሙ ፈላ። እሁድ ጠዋት ባለ መርፌ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተር፣ ተውሶ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፈተ፤ የቴስተሩን ገመዶች የነዳጅ መስጫውን አረጋገጥ የሚለካው ሴንሰር ላይ አገናኘና መርፌውን እንድታይለት ሚስቱን አስካለን ጠራት።

«ሞተሩን ሳላስነሳ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብዬ እረግጣለሁ። መርፌው ቀስ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ከዘለለ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

ገብቶ ረገጠ።

«ኧረ ይዘላል!» አለች። «ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ አይረጋም!»

«አላልኩሽም? መካኒክ ተብዬዎች!» እየተጣደፈ ወረደ። «በይ አንቺ ርገጪ፣ በዓይኔ ልየው።»

ረገጠች። መርፌው ዝግ ብሎ ወጣ፤ ዝግ ብሎ ወረደ።

«ድገሚ።»

ያው ነው።

«ድገሚ እንጂ!»

ያው ነው።

ቁልቁል ቀኝ እግሩን አየ። ቆሞም እንኳ ጉልበቱ ይርገበገባል። የተከፈተው ኮፈን ከሚስቱ ዓይን ጋርዶታል።

«ዘለለ አይደል?» አለች አስካለ ከውስጥ ሆና።

«ዘለለ» አላት፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ። «ነገ ልጆቹን ካደረስኩ በኋላ አስቀይረዋለሁ።»