የተሰፋው ጎማ

የተሰነጠቀውን የኋላ ጎማዬን ጫማ ሰፊው ዛሬ ጠዋት በወፍራም ክር ሰፋልኝ። ከዚያም ከፋብሪካ ባልደረባዬ ከጀሚል ጋር በየሳይክላችን እየነዳን ከገራዶ መንደር ወዲያ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ገባን።

እርጥቡ መንገድ ላይ ከፊታችን አዲስ የጎማ ዱካ ነበር። የእኔው ስፌት እንደ ጠባሳ እየተደጋገመ ታትሞበታል።

«ሳይክሌን ሳትነግረኝ ወስደኸዋል» አልኩት።

«ወላሂ አልነካሁትም። ጎማው ከተሰፋ ጀምሮ መች ከእጅህ ወጣ?»

ቢምልም አላመንኩትም። ዱካውን ተከተልን። መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ወደ ገደሉ ገብቷል፤ የተመለሰ ዱካ የለም።

ከሳይክላችን ወርደን ቆምን። ከታች «ጀሚል፣ ድረስልኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ የእኔ ነው። እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ጀሚል ወደ ገደሉ አላየም። ሳይክሉን በመካከላችን አድርጎ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ።