የአያ አዘዘ ፈረስ

በ1991 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎንደር ከተማ በጨርቅ ነጋዴው በከማሉዲን ግቢ ውስጥ አንድ ዳማ ፈረስ በመርፌ እንዲሞት ተደረገ። ፈቃዱን የሰጠው ከማሉዲን ራሱ ነው።

ፈረሱን ያመጣው ከኮሶዬ፣ ከወዳጁ ከአዘዘ ለቅሶ ነበር። አዘዘ ገበሬ ነበር። ጎንደር ሲመጣ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ፒያሳ ካለው የከማሉዲን ሱቅ ገብቶ ይቀመጥና «ሸጋው» ብሎ ስለሚጠራው ፈረሱ ያወራ ነበር። ከማሉዲን ወሬውን ለዓመታት ሰምቷል፤ ፈረሱን ግን አይቶት አያውቅም። አምና አዘዘ ስለ ፈረሱ ማውራት ተወ። ያን ጊዜ ታሞ ስለነበር፣ ከማሉዲን ሕመሙ አድክሞት ነው ብሎ አሰበ።

በለቅሶው ቀን ፈረሱ ወጣ። የሟቹን ኮርቻ ተጭኖ፣ ጠመንጃው በጎኑ ተንጠልጥሎ፣ በአልቃሾቹ መሃል ተሳበ። ወደ ኋላ እያለ፣ ሕዝቡን እየዞረ ያይ ነበር። ከማሉዲን ያን ጊዜ አለቀሰ።

ለቅሶው ሲበተን የሟቹን ሚስት እማዋይሽን፣ «ፈረሱን ማን ይይዘዋል?» አላት።

«ምኑን አውቄ፣ አያ ከማል። እኔ ጭልጋ ልጄ ዘንድ መሄዴ ነው፤ ቤቱም ይዘጋል።»

«እኔ ልውሰደው። እንደ ልጅ ነው የማየው።»

«ሸጋ አደረግህ፤ እኔም ጭንቁ ቀለለልኝ። ብቻ አደራ።»

ጎንደር ከገባ ጀምሮ ፈረሱ መብላት እምቢ አለ። ገብስ ቀረበለት፤ አሸተተና ተወው። ጭድ ቀረበ፤ ረገጠው። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግቢው በር አዙሮ ይቆማል። ወንድ ሰው በገባ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይደፋል። ከማሉዲን «ሸጋው! ሸጋው!» እያለ ይጠራዋል። ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም።

«ሐዘን አደንቁሮታል» አለ ከማሉዲን።

ሚስቱ ሐዲጃ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። «እኔ ብሞት አንተም እንዲህ ምግብ እምቢ ትላለህ?»

«እስከ ምሳ ድረስ እችላለሁ።»

«ቁርስ በልተህ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ግን እሷም መቀለዱን ተወች። የፈረሱ ጎድን ተቆጠረ። ከበሩ እንጨት ጋር እየተፋተገ ግንባሩ ቆሰለ። ጎረቤቶች እየመጡ ያዩታል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ጌታውን ተከትሎ ሊሄድ ነው።

ከማሉዲን እማዋይሽን ሊያማክር ሰው ላከ። የተላከው ጭልጋ ደርሶ ተመለሰ፤ ሴትየዋ ከልጇ ጋር ጠበል ሄዳለች፣ የትኛው ጠበል እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ አንዱዓለም ተጠራ። ሆዱን አዳመጠ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ።

«በሽታ አላገኘሁበትም፣ ጋሽ ከማል። ገና ወጣት ፈረስ ነው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ግን የለኝም።»

ከማሉዲን የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ወይ እንዲህ እየማቀቀ ይሞታል፣ ወይ በመርፌ እንገላግለዋለን። ከተማ ዳር ልልቀቀው ካሉ ደግሞ የጅብ ነው።»

ከማሉዲን ሐኪሙን እስከ በር ሸኘው። ለሥጋው የማይታረድ እንስሳ ነፍስ ማጥፋት ከበደው። ይበልጥ የከበደው ግን አደራው ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሲነጋ ፈረሱ በጉልበቱ ወድቆ ነበር፤ ፊቱ አሁንም ወደ በሩ ነው።

«ወዳጄ እንዲህ ሲሰቃይ ቢያየው ምን ይለኛል?» አለ ለሐዲጃ።

«ገላግለው ይልሃል» አለች።

አንዱዓለም መጥቶ መርፌውን ሲወጋ ከማሉዲን የፈረሱን ራስ ታቅፎ፣ «ሂድ፣ ወደ ጌታህ ሂድ» ይለው ነበር።

በሚያዝያ የግቢው በር ተንኳኳ። ከማሉዲን ከፈተ። የቆላ ፀሐይ ያጠቆረው ጎልማሳ፣ አዲስ ልጓም በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ማሩ እባላለሁ፣ የአያ አዘዘ ጎረቤት ነኝ» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን በከማሉዲን ትከሻ ላይ ወደ ግቢው እየላከ። «የእሳቸው ሸጋው አምና ስለሞተ፣ ለለቅሶው የእኔን ፈረስ አውሼ ነበር ለጥጥ ለቀማ መተማ የወረድኩት፤ እስክመለስ እርስዎ እንደሚይዙልኝ እማዋይሽ ነግረውኛል፤ እሱን ልወስድ ነው።»